ለሚዛን የተፈተለ

ቀኛዝማች ወሰኔ ለልጃቸው ሰርግ ኩታ ሊያሠሩ ለመንደሩ ሴቶች ባዘቶ አደሉ። «ፈትሉ እንደ ሸረሪት ድር ይቅጠን፤ የምከፍለው ግን በሚዛን ነው» አሉ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ፈትል በቀጠነ ቁጥር ድካሙ ይበዛል እንጂ ክብደቱ አይጨምርም። ልጆቿን በእንዝርቷ የምታሳድግ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ግን ባዘቶዋን ይዛ ሄደች። በማግስቱ ገመድ የሚያህል ፈትል አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሙሽራ የምትለብሰው ነው ወይስ አህያ የሚታሰርበት?» አሏት።

«ጌታዬ፣ ቀጭን የወደደው ዓይንዎ ነው፤ የሚከፍለኝ ግን ሚዛንዎ ነው። እኔም ለሚከፍለኝ ፈተልኩ።»

ቀኛዝማች ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ዳበሱ። «ታዲያ ዓይኔ በምን ይክፈልሽ?»

«ስንፈትል የዋልንበትን ቀን ይቁጠርልን።»

ቀኛዝማችም ሚዛኑን ከፊታቸው አስነሱ።