አራስ ሳትወጣ ከብት የማይወጣበት አምባ

ከደንገል ሜዳ በስተምሥራቅ ያለችው ጉብታ አምባ መባሏ እንግዳ ሰው ያስቀዋል፤ ከፍታዋ ከአንድ ትልቅ ዋርካ አይበልጥም፤ ግን ሜዳችን እንደ መዳፍ የተዘረጋ ስለሆነ ለኛ አምባ ናት፣ ስሟም አራስ አምባ ነው። አናቷ ላይ አንዲት የሣር ቤት አለች። ማንም አይኖርባትም፤ ሆኖም ሰኔ በገባ ቁጥር መንደሩ ወጥቶ ክዳኗን ያድሳል፣ ደረቅ ኩበት ይከምርባታል፣ የዘር እህሉን በስልቻ ያስገባል። ክረምቱ ሲከፋ ወንዙ ሳይቀድመን ወደዚያ እንወጣለን። መጀመሪያ የምትወጣው አራስ ናት፤ አራስ ከሌለች እርጉዝ ናት። እሷ ሳትወጣ ከብት ዳገቱን አይረግጥም። ይህ ከምን እንደመጣ ሽማግሎቹ ሲያወሩት ያጥራል፣ ሴቶቹ ሲያወሩት ይረዝማል፤ እኔ የምጽፈው የሴቶቹን ነው።

እንደሚነገረው ድሮ፣ ጉብታዋ ገና ስም ሳይኖራት፣ እመት ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ከወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸውን ደመላሽን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ለሥራ የማይሰንፉ፣ አንደበታቸው ግን እሬት የሆነ ሴት ነበሩ ይባላል። ደመላሽ ይታይሽ የምትባል የደጋ ልጅ ሲያገባ፣ «ገብስ ስትቆረጥም ያደገች፣ የወተት ዕቃ ማጠን የማታውቅ» እያሉ ምራታቸውን በየደጁ አሟት። ይታይሽ ወንድ ልጅ ስትወልድ ግን ያ ሁሉ ሐሜት ቀረና ገንፎውን በገዛ እጃቸው አገነፉ፣ መደቡን በመጋረጃ ጋረዱ፣ ከራስጌዋ ቢላዋ አኖሩ፤ ሊጠይቅ የመጣውንም ሁሉ «ዓይናችሁን ከልጁ ላይ አንሡ» ይሉት ጀመር። ወለላ የምትባል አፈ ቀላል ጎረቤታቸው፣ «እመት፣ ትናንት ሲያሟት የነበሩትን ሴት ዛሬ እቴጌ አደረጓት እኮ» ብትላቸው፣ «አንቺ ገንፎሽን ዋጪ፤ አፍሽ ሥራ አይፍታ» አሏት አሉ።

ሐምሌ ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። በዚያ ቀን ከደጋ ጌሾ እየጫነ የሚወርድ ነጋዴ፣ አያ ቢሻው የሚሉት፣ አህያውን ጥሎ እየሮጠ መጣና፣ «ምን ትጠብቃላችሁ! ላይ ሰማዩ ተቀዷል፣ ወንዙ ዳርቻውን ጥሷል፤ ውጡ!» አለ። ሰዉ ቀና ብሎ ቢያይ ሰማዩ ጉም እንኳ የለበትም። «አያ ቢሻው፣ ጠላውን የት ቤት ነው የቀመሱት? ለኛም ይንገሩን» ብሎ የቀለደበትም ነበር ይባላል። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ ደፍርሶ ሥርና ሣር መግፋት ሲጀምር ሳቁ ቀረ። ከብት ተፈታ፣ ዘር ታዘለ፣ ዶሮ ሳይቀር በእግሯ ተንጠልጥላ ወደ ጉብታው ተሸኘች።

ደመላሽ ሚስቱን ከነአልጋዋ ሊያወጣ ሰው ጠርቶ ሲመጣ እናቱ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላወጣት ነዋ።»

«በዚህ ፀሐይ? እርጥብ አራስ? ምች መትቷት ልትቀብራት ነው?»

«እማዬ፣ ውሃው እኮ—»

«ውሃውን እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬ ማሳውን ይልሳል፣ ደጅ የሚደርሰው ነገ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል በጋቢ ሸፍነን እናወጣታለን። አሁን ላሚቱን አውጣ፤ ላሚቱ ከሄደች በምን ትታረሳለች?»

ከመጋረጃው ውስጥ ይታይሽ፣ «እማማ፣ እኔ ፀሐይ አልፈራም» አለች ይባላል።

እመት ትርንጎን ብቻ መኮነን ግን ግፍ ነው። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ «እውነታቸውን ነው፣ አራስ በቀትር አትወጣም» ብለው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ አልጋውን ሊሸከሙ የመጡት ወንዶችም እጃቸውን አጣጥፈው ወደየከብቶቻቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ብትጠይቁ ግን የማንም አያት እዚያ በር ላይ አልነበረችም። ያን ቀን ደመና ቢሆን ኖሮ፣ ይላሉ ሴቶቹ፣ ይታይሽ ከሁሉ ቀድማ በወጣች ነበር።

ፀሐይዋ ሲበርድ ሊመለሱላት ይታይሽን ትተው፣ ደመላሽ ላሚቱን፣ እመት ትርንጎ ጥጃዋን ይዘው ጉብታው ሥር ሲደርሱ፣ ብዙ ወፍጮ ባንድ ላይ እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ከበስተኋላቸው መጣ። ፀሐይዋ ገና ከአናት ዝቅ አላለችም ነበር። ውሃው ማሳውን ሊልስ አልቆመም፤ ሜዳውን ባንድ ጊዜ ሞልቶ፣ እያብረቀረቀ መጣ። ደመላሽ ሊገባበት ሲል ወንዶቹ ተረባርበው ይዘው መሬት ላይ ጣሉት። እናቱ ጥጃዋን በገመድ እንደያዙ ቆመው፣ የቤታቸው ክዳን ከነጉልላቱ ተነሥቶ እንደ ታንኳ ሲሄድ አዩ። ከክዳኑ ሥር እጅ አይተናል የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አልጨምርም።

ውሃው ሲጎድል ይታይሽን ከደንገሉ መሐል አገኟት። ልጇን በአንቀልባ አጥብቃ አዝላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ነበር። መጋረጃዋን ገልጣ፣ ለመውጣት ተነሥታ ነበር ማለት ነው። ይህን የገነዟት ሴቶች ለደመላሽ እንዳይነግሩት ተማማሉ፤ ማን እንደነገረው አይታወቅም እንጂ ሳይውል ሳያድር ሰማ። ከዚያ ወዲህ እናቱን አላናገራቸውም።

በዓመቱ ሐምሌ ወንዙ እንደገና ደፈረሰ፤ እንደገናም ፀሐይ ነበር። ሰዉ ከብቱን ነድቶ ጉብታው ሥር ሲደርስ እመት ትርንጎ በትራቸውን ይዘው መውጫው ላይ ተገትረዋል። ከፊት የነበረው ደመላሽ ነው።

«መንገዱን ይልቀቁ» አለ። አንቱ ብሎ እንደ ባዳ ነው ያላቸው።

«ወለላ ወጣች?»

ያች አፈ ቀላል ወለላ ያን ሰሞን ወልዳ ተኝታ ነበርና ከኋላ አንዱ፣ «ፀሐዩ በረድ ሲል ያመጧታል፣ እመት» አለ።

«ምች መድኃኒት አለው፤ ደማከሴ ጨምቄ ይዣለሁ። የውሃውን መድኃኒት ያወቀ ካለ ግን ይንገረኝና ልልቀቅ።» ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አለዚያ ላምህን በላዬ ንዳት» አሉት።

ደመላሽ ላሚቱን ከቁጥቋጦ አሥሮ ወደ መንደሩ ወረደ፤ ሲመለስም የወለላን አልጋ አንድ እግር በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ወለላ ፊቷን ፀሐይ እየመታት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ጠፍቷት፣ ታለቅስ ነበር አሉ። ደመላሽ በእናቱ አጠገብ ሲያልፍ ቀና አላለም። እስኪሞቱ ድረስም ከእጃቸው እህል አልቀመሰም ይባላል፤ እሳቸውም በየሐምሌው በትራቸውን ይዘው መቆማቸውን አልተዉም።

እሳቸው ካለፉ ወዲህ ምራት ያላት ባልቴት በተራ ትቆማለች። የደመላሽ የልጅ ልጆች፣ ከሁለተኛ ሚስቱ የመጡት፣ «ይህ የሴቶች ወሬ ነው፤ አያታችን ሚስት ጥሎ ላም አላወጣም» ይላሉ፤ ሲነሣባቸውም ይቆጣሉ። ውሃው የመጣ ዕለት ግን ከማንም ቀድመው ከብታቸውን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ላሚቱ ትጮኻለች፣ ባልቴቷ ሽቅብ «ወጣች?» ብላ ትጣራለች፤ ከላይ «ወጥታለች!» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ እነሱ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቅልለው መሬት መሬት ያያሉ።