ከመነሻው ገጽ ሥር የቀረው መርዶ

አንዲት ልጅ ነበረች። ለሰፈሯ እድር የስልክ አፕ ትሠራለች። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊ ደጅ ለደጅ ከሚዞር፣ መርዶው፣ የቀብሩ ሰዓት፣ የድንኳኑ ዓይነት በየአባሉ ስልክ ይድረስ ብላ።

"ስለ አፕ ከመድረክ ይሰበካል እንዴ?" የምትሉ አላችሁ። አይቻችኋለሁ። ይሰበካል! ስልካችሁን እዚህ ድረስ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተው ናችሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንበሩ ነገሩን አልወደዱትም። "መርዶ ኪስ ውስጥ ይንጫጫ?" እያሉ በየስብሰባው ልጅቷን ይሸነቁጧታል። እሺ። ታዲያ ይህች ልጅ አፑን ለመሞከር የውሸት መርዶ መጻፍ ሲኖርባት የማንን ስም ጻፈች? ገምቱ። "የእድራችን ዳኛ አቶ መንበሩ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትንሹ ድንኳን ይተከል።" ብቻዋን ሳቀች። አንጀቷ ራሰ።

ሙከራው አለቀ። የመርዶውን ገጽ አጠፋችው? የለም። የሚያምር አረንጓዴ መነሻ ገጽ ሠርታ ከላዩ ደረበችበት። አፑ ሲከፈት መርዶውን ዓይን ሳያየው መነሻው ይሸፍነዋል። ማን ያያል? እሷ እንደሆነች ወደ ኋላ መመለሻውን ተጭና አታውቅም።

ቅዳሜ በአባላቱ ስልክ ላይ ጫነችው። እሑድ ከሰዓት ጠቅላላ ጉባኤው አፑን ይቀበል አይቀበል ድምፅ ሊሰጥ ነው። የሙሉ ክረምት ልፋቷ በዚያች እሑድ ላይ ተንጠልጥሏል።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቷ እትዬ በለጥሻቸው አፑን ከፈቱ፣ አዩት፣ ወደዱት፣ ሊወጡም ወደ ኋላ ተጫኑ። አላወጣቸውም። መርዶው ላይ ጣላቸው።

"ወይኔ ጋሼን!" ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። በእድር ወግ ደግሞ እያለቀሰ የሚሄድ ሰው አይጠየቅም፤ ተከትሎ ይለቀሳል። ሰፈሩ ተከተላቸው።

ጋሽ መንበሩ መፋቂያቸውን እንደጎረሱ በሩን ከፈቱ።

"ምነው? ማን ሞተ?"

"እርስዎ!" አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። ግን ልጅቷን እዩልኝ። ለጠየቃት ሁሉ "የኮምፒዩተር ስህተት ነው" አለችና ሮጣ ቤቷ ገባች። "ወደ መነሻ" የሚል ትልቅ ቁልፍ ጨመረች፤ ሰው እሱን ከተጫነ መርዶው ጋ አይደርስም ብላ። ቁልፉ ግን ወደ ቀድሞው መነሻ መች ይመልሳል! ሌላ አዲስ መነሻ አምጥቶ ከላይ ይደርባል። ገጽ በገጽ ላይ፣ ገጽ በገጽ ላይ። ወደ ኋላ ተጫነች፤ መነሻ። ደገመች፤ መነሻ። ደገመች፤ አቶ መንበሩ አርፈዋል፣ ትንሹ ድንኳን ይተከል።

ያኔ ገባት። የቱንም ያህል ብትደርብ መርዶው ሥር ላይ ተቀምጧል። ወርዳ ሰረዘችው። የደረበችውንም ሁሉ ነቀለች።

አፑ ዳነ። እሷ ግን ገና ነበረች። ጉባኤው ሊጀመር ሲል ጋሽ መንበሩ ፊት ሄዳ ቆመች።

"ጋሼ፣ የኮምፒዩተር ስህተት ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ስምዎን የጻፍኩት ተናድጄብዎ ነው።"

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ፦

"መቼም ከገደልሽኝ አይቀር፣ ትልቁን ድንኳን ብታዢልኝ ምን ነበረበት?"

ስልኳን ተቀብለው በጉባኤው ፊት ወደ ኋላ ተጫኑ። አፑ ተዘጋ። ከሥሩ ምንም አልነበረም። "እኔ ሞቼ የሞከርኩት አፕ ነው" አሉና ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

እናንተስ?

እሑድ እሑድ እዚህ ስትመጡ መነሻ ገጻችሁ እንዴት ያምራል! ልብሱ ተተኩሶ፣ ዝማሬው ሞቅ ብሎ፣ እጁ ከፍ ብሎ። ባለፈው ፋሲካ "አዲስ ሰው ሆኛለሁ" አላችሁ። ከዚያ በፊት በነበረውም ፋሲካ ብላችኋል። ስንት አዲስ ሰው ነው የምትደርቡት? ከሥሩ ያለችው እህታችሁስ? ስትደውል የማታነሱላት፣ በልባችሁ ቀብራችሁ ትንሹን ድንኳን የተከላችሁላት እህታችሁስ?

ንስሐ አዲስ ገጽ መክፈት የመሰላችሁ አላችሁ። እኔ የምላችሁ ወርዳችሁ ሰርዙ ነው። ከዚያም የበደላችሁትን ሰው በር አንኳኩ። እግዚአብሔር የላዩን ገጽ አይቶ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ወደ ኋላ መጫን ያውቃል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ቤታችሁ አትግቡ። አሁን ስሙ ትዝ ያላችሁ ሰው አለ። እሱ ጋ ሂዱ። ምን ትፈራላችሁ? እናንተ ቀበራችሁት እንጂ አልሞተም፤ በሩን ራሱ ይከፍትላችኋል።