የሕያው መምህር ለቅሶ

አንድ ቀን ጫኔ የተባለ የእድር ጥሩምባ ነፊ «ከእንግዲህ ሞት የለም» የሚል መምህር ተከተለና ጥሩምባውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥሩምባ ነፊ የሌለው እድር ዲዳ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ሰፈሩን ለቀብር የሚያወጣው እሱ ነው። ጫኔ ደግሞ ትንፋሹ ረጅም ነበር፤ አንዴ ከነፋ ወንዝ ማዶ ያለ ውሻ ሳይቀር ያለቅሳል።

መምህሩ ልየው ይባላል። ተከታዮቹ ግን «ሕያው መምህር» ነው የሚሉት። ትምህርቱም አጭር ነው፤ ያመነ አይሞትም፣ የማይሞት ሰው ደግሞ እድር ምን ያደርግለታል? እንግዲያው ስሙ በእድር መዝገብ ላይ ያለ ሰው ተጠራጥሯል፤ የተጠራጠረ ደግሞ በቁሙ ሞቷል። ከተከታዮቹ አንዱ፣ እድርተኛ ጎረቤቱ ትናንት በደህና ሰላም እንዳለው ቢያነሳ፣ መምህሩ ፈገግ አለ።

«ሬሳ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሰላምም ይላል። አልሞትኩም ብሎም ይሟገታችኋል። ሙት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ አትመኑት።»

ከዚያ ወዲህ ተከታዮቹ የእድርተኛ ሰላምታ መመለስ ተዉ። ከመካከላቸው ሦስት ሰዎች ቢሞቱም፣ መምህሩ ሦስቱም በመጨረሻዋ ደቂቃ ተጠራጥረው እንደነበር ደርሶበታል።

ጫኔ ከልቡ አመነ። የራሱንም የእናቱንም ስም ከመዝገቡ አሰረዘ። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት «ታዲያ ማን ሊቀብረኝ ነው፣ ጅብ?» ቢሉት፣ እንደማይሞቱ አስረዳቸው። በሁለተኛው ዓመት ታመው አልጋ ያዙ። ከልጃቸው የለመኑት መድኃኒት አልነበረም፤ እድራቸው እንዲመልሳቸው ብቻ ነው። ጫኔ ሦስት ቀን ተሟገታቸው። በአራተኛው ቀን የእናቱ ዓይን አሸነፈውና አንገቱን ደፍቶ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወንድይራድ ሄደ።

ዳኛው አልተቆጡም፤ እንዲያውም ተገላገሉ። በእሱ ቦታ የተተካው ነፊ አስም አለበት፤ የሟቹ ስም ላይ ሲደርስ ሳል ይቀድመዋል። ባለፈው ወር ግማሹ ሰፈር ሰርግ ቤት ገብቶ አልቅሶ ተመልሷል። ስለዚህ ጥሩምባውን መልሶ ካነሳ እሱም እናቱም የቀድሞ ቦታቸውን እንደሚያገኙ ነገሩትና መዝገቡን ገለጡ። ጫኔ ስሙ ሲጻፍ አጎንብሶ እያየ ሳለ፣ ከላይ ያለውን ስም አነበበ። ደግሞ አነበበው። ልየው አጥናፉ ይላል።

«ይሄ የትኛው ልየው ነው?»

«ያንተው ነዋ» አሉ ዳኛው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋቢ ተከናንቦ መጥቶ መመዝገቡን ነገሩት። አሮጌው ድንኳን ስለሚያፈስ፣ የእሱ ቀን ሲደርስ አዲሱ እንዲተከልለት አደራ ብሏል። ከተቻለም፣ ትንፋሹ ረጅም ነውና፣ ጫኔ ራሱ እንዲነፋለት።

 ሰላም ሲሉት ፊቱን ያዞረባቸው፣ ሲሞቱም ቆሞ ያልቀበራቸው ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ጫኔ ዓይን ላይ ድቅን አሉ። መሳደብም አማረው፤ ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ቤቱ ገባና ከጥሩምባው ላይ የሸረሪቱን ድር ጠረገ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጫኔ በመምህሩ ደጃፍ ቆሞ፣ በዚያ በረጅም ትንፋሹ ነፋ። መምህር ልየው አጥናፉ ማረፋቸውን ለሰፈሩ ለፈፈ። ስሙ ጥርት ብሎ ስለተሰማ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ ትክክለኛው ቤት መጣ። አዲሱ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮው ተጣደ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ወይዘሮ የሺመቤት ሳይቀሩ ይህን ለቅሶስ አልቀርም ብለው ከዘራ ተደግፈው ወጡ።

መምህሩ ሌሊቱን አንድ ተከታዩ ቤት አድሮ ኖሮ፣ ጩኸቱን ሰምቶ በካልሲው ሮጦ መጣ። ለቀስተኛውን እየገፈተረ ጫኔ ፊት ቆመ።

«ምን ነካህ አንተ? ይኸው አለሁ፤ አልሞትኩም እኮ!»

ጫኔ ጥሩምባውን ከአፉ አወረደና እጅ ነሳ።

«ሙት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አሁን እኛ ማንን እንመን? መምህሩን ወይስ ሬሳውን?»

በእድሩ ሕግ አንዴ የተተከለ ድንኳን ከሦስት ቀን በፊት ስለማይነቀል፣ መምህሩ ሦስቱን ቀን በራሱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን ንፍሮ እየዘገነ፣ «እግዜር ያጥናህ» ሲባል ከረመ።