አበባ የተተከለበት ቦይ

አንድ ጊዜ፣ የወንዝ ጭጋግ እንደ ነጠላ በሚያለብሳት ከተማ፣ እንስሳት ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ወር ሲቀረው ንጉሡ አንበሳ አህያን አስጠርቶ «ጎርፍ ቢመጣ ከተማችን ትችለው እንደሆነ አጥንተህ ንገረኝ» አለው። አህያ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ ስለሆነ የማያውቀው ደጅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ የሚንሳፈፍ እየመሰለ ቤት ለቤት ዞረ።

«እሜቴ ኤሊ፣ ውሃ ቢመጣ ወዴት ይሮጣሉ?»

«እኔ? ልሩጥ?» ብላ አሮጊቷ ኤሊ ሳቀች።

«የሚሸከምዎትስ?»

«ጎረቤቴ ድኩላ ነበር። በአጥር ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ሦስተኛ ክረምታችን ነው።»

አህያ ይህንንም መዘገበ። ከተሰነጠቀ ግድግዳ ይልቅ የተቋረጠ ሰላምታ አስፈራው።

የሰፈሩ ሹም ጅብ ግን «አጥኚ ይመጣል» ሲባል የክብር እንግዳ የሚመጣ መሰለው። ግጦ ግጦ በጣለው አጥንት የሞላውን ትልቁን የጎርፍ ቦይ አፈር አልብሶ አበባ ተከለበት።

«አያ ጅቦ፣ እንግዲህ ውሃው በየት ይለፍ?» አለው አህያ።

«በአበባ መሀል ማለፍ የሚጠላ ውሃ አለ እንዴ?»

በጉባኤው ቀን አህያ ቆሞ ተናገረ። «ጌታዬ፣ ከተማችን አትችለውም። ቦዩ ይከፈት፤ ጎረቤታሞች ይታረቁ፤ ማን ማንን እንደሚያወጣም ከአሁኑ ይነጋገሩ።»

«እኔን ለማዋረድ ነው!» ብሎ ጅብ ጮኸ።

ቀበሮ ለስለስ ብሎ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይህ ምስኪን ያጠናው ከተማዋን ሳይሆን የራሱን ፍርሃት ነው። እኔ እዚሁ ጥላ ሥር ሆኜ አጥንቻለሁ፤ ከተማችን እንደ ጌታዬ ክንድ የጠናች ናት።»

አንበሳ ክንዱን አየና ደስ አለው። አህያንም «ሟርተኛ!» ብሎ ከከተማ አስወጣው።

አህያ ሲሄድ በኤሊ ደጅ ተንበረከከ። «እሜቴ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ።»

«ሟርተኛ ላይ ልፈናጠጥ?»

«ካልዘነበ መልሼ አመጣዎታለሁ።»

እያጉረመረመች ወጣች፤ እሱም ከከተማዋ በላይ ወዳለው ኮረብታ ይዟት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። መውጫ ያጣው ውሃ ሰፈሩን ሞላው። ከኮረብታው ላይ ሲያዩት ሕልም ይመስል ነበር፤ ጎጆዎቹ እንደ ዳክዬ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ጭጋጉ ጩኸቱን ይውጠዋል። አንበሳ፣ ቀበሮና ጅብ ጭቃ ለብሰው ኮረብታው ላይ ደረሱ።

«ጠንካራ ናት ብለኸኝ አልነበር?» አለ አንበሳ።

«ናት እንጂ ጌታዬ! ጥፋቱ የጎርፉ ነው፤ ልኩን አላወቀም» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው የደረሰውን ጉዳት አንተው አጥናልኝ።»

ኤሊ በንዴት አንገቷን አወጣች። «ልጄ፣ ዝም ትላለህ?»

«ተናግሬ ነበር እኮ፣ እሜቴ» አለ አህያ። ከታች ገና የሚጣሩ ነበሩና ወደ ውሃው ወረደ።

ከዚህ የምንማረው የከተማችንን ድካም የነገረንን ብናባርረው ድካሙ አብሮት እንደማይሄድ ነው።