የሰፈፍ ለቃሚዋ የልጅ ልጅ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት።

አለቃ ዘድንግል ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ለማንያህልሻል መልስ ሲሰጡ ነው። ማንያህልሻል አያቷ ስፌት እየሰፉ ያሳደጓት ልጅ ናት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሰዎች አዲስ ዓይነት ስፌት ቢጠይቋትም እጇ ፈራ። «የኔታ፣ አያቴ ያቆዩልኝን ሙያ ብለውጠው እሳቸውን መርሳት አይሆንብኝም?» አለቻቸው። አለቃም ቀጠሉ።

ያቺ ሴት ከልጆቿና ከምታፈስ ጎጆ በቀር ምንም አልነበራት። በከተማዋ ግን ጠጅ ቤት ሞልቷል። ጠጅ ጣዮች ጠጁን ካጠለሉ በኋላ ከማሩ የተረፈውን ሰም ያዘለ ሰፈፍ ከአጥር ውጭ ይደፉታል፤ ዝንብ ይወረዋል። ይህን አየችና «ከምትደፉት ለእኔ ስጡኝ» አለቻቸው። ደስ ብሏቸው ሰጧት። ሰፈሩ ግን ሳቀባት፤ «ሰፈፍ ለቃሚ» የሚል ስምም አወጣላት።

እሷ ሰፈፉን አጥባ፣ በውኃ አፍልታ፣ በጨርቅ አጠለለችው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ረግቶ ተገኘ። ጥጥ ፈትላ ክሩን ሰም አጠጣችውና ጧፍ ሠራች። መጀመሪያ የሠራችው ጎበጠ። ቀጥሎ የሠራችው እየጨሰ አስቸገረ። ክሩን አክርራ ስትፈትለው ግን ጧፉ ቀጥ ብሎ ነደደ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣ ሸጠችው፤ ልጆቿም ጠግበው አደሩ።

ጠጅ ጣዮቹ ሰፈፍ እንጀራ እንደሚሆን ሲያዩ መስጠቱን ተዉ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃለት ነበር። እሷ ቀፎ አሠርታ ከገዛ ቤቷ ታዛ ሥር ሰቀለች።

«ደግሞ ሴት ቀፎ ትሰቅላለች?» አሏት የሰፈሩ ሽማግሌዎች።

«እኔ መቼ ዛፍ ላይ ወጣሁ? ቀፎው ነው ወደ እኔ የወረደው» አለቻቸው።

ንቡም ገባላት። ማሩም ሰሙም ከደጇ ሆነ። እንደሷ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ሰብስባ ሙያውን አስተማረች። ለክርስትና አጭር፣ ለሠርግ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጧፍ አወጣች። ልጆቿን ዳረች፤ ጎጆዋን ቆርቆሮ አለበሰች። ስትሞት ከየቤቱ የወጣው ሕዝብ የእሷኑ ጧፍ አብርቶ ሸኛት። የልጅ ልጇ ከቀብሩ ስትመለስ አልቅሳም ቢሆን አንገቷ ቀና ያለ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቃልና።

ሙያውን የወረሰችው እሷ ናት። «አያቴ ከሠራችው አንዲት ነገር አልለውጥም» ብላ ማለች። ድስቱም፣ የጧፉ ርዝመትም፣ የክሩ ውፍረትም እንደነበረ ሆነ። ዘመኑ ግን እንደነበረ አልሆነም። የሱቅ ሻማ መጣ፤ መብራትም ገባ። ጧፉ በመደርደሪያ ላይ ተከምሮ አቧራ ጠጣ። ሠራተኞቹ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱና ከአያቷ ጋር ያረጁት አንዲት ባልቴት ብቻ ቀሩ። ልጅቱ ከፍቷት፣ ግን ታማኝ ነኝ ብላ ትጽናና ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል አንድ ጫማ ሰፊ መጣ። «ጧፉን አይደለም፤ ክሬን የማሽበት ሰም ሽጪልኝ» አላት።

ልጅቱ ተቆጣች። «ይህ የአያቴ ሰም ነው። ለእግር ጫማ አልሰጥም» ብላ መለሰችው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ባልቴቷ የሚፈትሉትን ክር አስቀመጡ። ከዚያ «ልጄ» አሏት፣ «አያትሽ ቢሆኑ አይመልሱትም ነበር። ቁጭ አድርገው ሌላስ ምን ቸገረህ ብለው ይጠይቁት ነበር። እኔ እሳቸው ዘንድ ስኖር ያላደረጉት አንድ ነገር ቢኖር፣ አምና የሠሩትን ዘንድሮ እንዳለ መድገም ነው።»

ልጅቱ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሰውየውን ገበያው አፋፍ ላይ ደረሰችበት።

«ወንድሜ፣ ስላስከፋሁህ ይቅር በለኝ። ሰሙን እሰጥሃለሁ። ሌላስ ምን ቸገረህ?» አለችው።

«ቆዳው ነዋ» አላት። «በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ያስገባል። ባለ ኮርቻውም፣ ባለ ጫማውም እኔን ነው የሚወቅሰኝ።»

ቤቷ ተመልሳ ሰሙን ከኑግ ዘይት ጋር አቀለጠች። የመጀመሪያው ፀሐይ ሲያየው ፈሰሰ። ሰም ጨመረችበት፤ ደረቀና አልቀባ አለ። ደግማ ስታቀልጥ ስታቀዘቅዝ ሰነበተችና በመጨረሻ ቆዳ የሚያለሰልስ፣ ውኃ የማያስገባ ቅባት ወጣላት። ጫማ ሰፊው ሞክሮት ለባልንጀሮቹ ነገረ። ኮርቻ ሠሪዎች መጡ፤ ከሩቅ ገበያ ነጋዴዎች መጡ። የሄዱትም ሴቶች ተመለሱ።

አንድ እንግዳ ነጋዴ ቅባቱን በጣቱ ዳስሶ «ይህን ማን ፈጠረው?» ሲል ጠየቀ። ልጅቱ መልስ ሳትሰጥ ባልቴቷ ቀደሟት። «የሰፈፍ ለቃሚዋ የልጅ ልጅ ናታ! ሌላ ማን ይፈጥረዋል?» አሉ። ቀድሞ መሳቂያ የነበረውን ያንን ስም ሲጠሩት ልጅቱ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

አለቃ ዘድንግል ወደ ማንያህልሻል ዞሩ።

«አንቺም ይህችው ልጅ ነሽ፤ ስፌትሽም እንደዚያ ሰም ነው። አያትሽን አውቃቸው ነበር። እንደ እናታቸው ብቻ ሰፍተው ቢሆን ኖሮ ስማቸውን ማን ያነሣ ነበር? እሳቸው የሰፉትን ብትደግሚ፣ ሰው ስፌታቸውን ያስታውሳል። እሳቸው ያላሰቡትን ብትሰፊ ግን፣ ‹ይህች የእሳቸው ልጅ ናት› ይልሻል። በይ ተነሺ፤ የፈራሽውን ስፌት ጀምሪው።»