ሰባተኛው ሰንጢ

ተረት ተረት ስላችሁ «የሰንጢ ስለት» በሉኝ። እንዲህ ካላችሁኝ እኔም ሳልቸኩል እነግራችኋለሁ።

ድሮ፣ ሰው ሁሉ በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን፣ ዕቃ አፍ ነበረው። ሰው ግን ያን ጊዜም ቢሆን ለዕቃ ጆሮ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ዘርጋው የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነበር። ቆዳውን የሚቆርጠው በትልልቅ ሰንጢ ነው። ሰንጢ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሲሠራ የሚዘረጋ፣ ሲያርፍ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚተኛ ቢላዋ ነው። ዘርጋው ኮርቻ ሊሸጥ ከሄደበት አገር ሁሉ አንድ ትልቅ ሰንጢ ይዞ ይመለሳል። ሌላው ሰው ጨው ይዞ ሲመለስ፣ ሌላው በርበሬ ይዞ ሲመለስ፣ እሱ ሰንጢ ይዞ ይመለሳል። ሚስቱ ብርዛፍ «ዘንድሮም ሰንጢ ልንበላ ነው» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ ያለውን ይበላሉ።

ሰንጢዎቹ ሰባት ሲሞሉ ከዋንዛ እንጨት ሳጥን ሠራላቸው። በሳጥኑ ወለል ላይ ለእያንዳንዱ በልኩ ጎድጓዳ ፈለፈለለት። የረዘመው ረጅም፣ የጎበጠው ጎባጣ ጎድጓዳ አገኘ። ስማቸውንም እንደ በቅሎ በመልካቸው አወጣላቸው። ቀዩ ዳማ ተባለ፣ ጥቁሩ ጉራች ተባለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ተባለ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ጨርቅ በዘይት ነክሮ አንድ በአንድ ይወለውላቸዋል። እየወለወለም ይሄን የገዛሁት ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን ያደርኩ ጊዜ ነው፣ ይሄን የገዛሁት በቅሎዬ ያነከሰች ዓመት ነው ይላል። ብርዛፍ መቶ ጊዜ የሰማችውን እንደ አዲስ ትሰማለች።

ከሁሉ የሚወደው ግን ቡላን ነው። ቡላ አመድማ የቀንድ እጀታ ያለው፣ በሠርጋቸው ሰሞን የተገዛ ሰንጢ ነበር። አመልም ነበረው። እንደ ሌላው ጀርባውን ይዘው ቢጎትቱት አይዘረጋም። አውራ ጣትን እጀታው ጭራ ላይ ጫን ማድረግ፣ ትንሽ ወደ ጎን ማለት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ብቻ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ይህን አመል የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዘርጋውና ብርዛፍ።

አንድ ክረምት ዘርጋው ታመመ። አርባ ቀን ተኛ። ሲነሳ ሳጥኑን ቢከፍት የቡላ ጎድጓዳ ባዶ ነው። ብርዛፍን ጠየቃት፤ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። በዚያ ሰሞን ቤቱን ሲገባ ሲወጣ የነበረው ወንድሟ ይርዳው ነበር። ዘርጋው በልቡ ይርዳውን ያዘ፤ የያዘውም ከልቡ ወደ አፉ ወጣ። ወንድምሽ እጁ ረጅም ነው አላት። እሷ ይርዳው አልነካውም አለች። ታዲያ ማን ነው ሲላት እንደገና ዝም አለች።

ይርዳው ይህን ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም። ብርዛፍ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰሐን ትርፍ ታቀርባለች፤ ሳይነካ ይነሳል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ብርዛፍም ሞተች። በለቅሶዋ ላይ እንኳ ሁለቱ ወንዶች በድንኳኑ ሁለት ጥግ ተቀመጡ።

መኪና መጣ፤ ኮርቻ የሚገዛ ቀነሰ። ዘርጋው ሸበተ። እሑድ ሳጥኑን ሲከፍት የሚሰማው ሰው የለም። ስድስቱን ይወለውላል፣ ሰባተኛው ጋ ሲደርስ እጁ ባዶ እንጨት ይነካል። አንድ እሑድ፣ ቡላ በጠፋ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ሰለቸው። ሌላ ትልቅ ሰንጢ ልግዛና ይሄን ጉድጓድ ልዝጋው አለ። ልኩ ካልሆነ በመሮ ፈልፍዬ አሰፋዋለሁ አለ።

ይህን ሲሰማ ጎድጓዳው ደነገጠ። ከተፈለፈለ የቡላ ቅርጽ ሊጠፋ ነው። «እኔ የተሠራሁት በአንድ ሰንጢ ልክ ነው» አለ። ዘርጋው ግን ጆሮ የለውም፤ ክዳኑን ዘጋ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ሙዘይን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር፣ የድሮ ደንበኛው። ዘርጋው የመጣበትን ነገረው። ሙዘይን ሁለት ትልልቅ ሰንጢ መረጠለት። አንዱ ቀይ እጀታ ያለው አዲስ ነው፤ ሌላው ነሐስ የለበሰ ነው። ቀጥሎ ከሸራው ጥግ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እጀታው በጎማ ቁራጭ የተጠመጠመ፣ የዛገ ነገር አነሳ።

«ይሄንንም ያዝ ጋሽ ዘርጋው። አይዘረጋም፤ ስንቱ ጎትቶ አቅቶታል። ሦስቱንም ቤት ውሰድና ከቤትህ ሰንጢዎች ጎን አስተያያቸው። ያልፈለግከውን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መልስልኝ፤ የዛገውን ብረት ቀጥቃጩ ወስዶ ሚስማር ያደርገዋል።»

ዘርጋው ሦስቱን ይዞ ቤቱ ገባ። ሳጥኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎኑ ሦስቱን እንግዶች አስቀመጠ። ለበቅሎዋ ሣር ላቅርብ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እሱ እንደወጣ ቤቱ ወሬ በወሬ ሆነ።

በጠረጴዛው ላይ ሽማግሌው ሞረድ ነበር፤ ስድስቱንም የሚስለው እሱ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ አንዲት አሮጊት አይጥ ትኖራለች። እንግዳ ሲመጣ መጠየቅ ያለ ነው ብሎ ዳማ ተነሳ። ባለ ቀዩን እጀታ ምን ታውቃለህ አለው። ባለ ቀይ እጀታም መቁረጥ አውቃለሁ፣ በሆዴም መቀስ አለኝ፣ ጠርሙስ መክፈቻ አለኝ፣ የጥርስ መጎርጎሪያም አለኝ አለ።

«ቆዳስ?» አለው ዳማ።

«ቆዳ ምንድን ነው?»

ስድስቱም ሳቁ። ቀጥሎ ባለ ነሐሱን ጠየቁት። እሱ የደጃዝማች ሰንጢ ነበርኩ አለ። የየትኛው ደጃዝማች አሉት።

«እሱ እንደ ገዢው ነው» አለ። «ጠዋት የደጃዝማች ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ የፊታውራሪ እሆናለሁ። ገበያው ከቀዘቀዘ የባላምባራስም ሆኜ አውቃለሁ።»

አሁንም ሳቁ፤ ግን ወደዱት። ደስ የሚል ውሸታም ነው፣ እሑድን ያሳጥርልናል አሉ።

ሦስተኛውን ጠየቁት። ምን ታውቃለህ አሉት፣ ዝም አለ። ከየት መጣህ አሉት፣ ዝም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ዳማ ጮክ ብሎ «ለመሆኑ ምንድን ነህ?» ሲለው ከጨርቁ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ ወጣ።

«ስለት ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሞረድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ልጄ» አለው፤ «ስንቱን ስለት ያወጣሁ ነኝ። አንተን የመሰለ ዶልዶማ ግን ዕድሜ ልኬን አላየሁም። ስለትህ የታለ? ወጥቷል?»

«አልወጣም። ገብቷል።»

ይሄኔማ ጉራች ሳቁን መያዝ አቅቶት ከጎድጓዳው ሊዘል ደረሰ። ስለት ይወጣል እንጂ ይገባል እንዴ አሉ፤ አንዱ ላንዱ እያቀበለ ደጋገሙት። 

ያልሳቀችው አይጥ ብቻ ነበረች። ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ጢሟን አራገበች። «እናንተ የምታውቁት ሞረድ የሚያወጣውን ስለት ነው» አለች። «ሰው የሚያስገባው ደግሞ ሌላ ስለት አለ።»

አሥራ ሁለት ዓመት በልቧ የያዘችውንም ነገረቻቸው። ዘርጋው በታመመ በሠላሳኛው ቀን ብርዛፍ ሳጥኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አይታት ነበር። መድኃኔዓለም ሆይ፣ እሱ ከተነሳልኝ ከቤቴ እሱ የሚወደውን ሰንጢ አስገባለሁ፤ ለማንም አልናገርም፣ ለራሱም ለባሌ አልናገርም ብላ ተሳለች። አልናገርም የሚለውን ባትጨምር ጥሩ ነበር፤ ሰው ሲጨንቀው ግን ብዙ ይጨምራል። ዘርጋው ላቡን ጠርጎ ውሃ የለመነ ዕለት ቡላን አወጣችው። ከነጠላዋ ጥለት አንድ ሰማያዊ ክር መዘዘች፣ ከቡላ ምላጭ ጋር አጠፈችው፣ እጥፋቱን በጧፍ ሰም ደፈነችው።

«ያን ጊዜ የነገረችውን ሰምቻለሁ» አለች አይጥ። «‹ዘርጋው ራሱ እስኪዘረጋህ አፍህን ዝጋ› ነው ያለችው። ይሄም ቃሏን ጠብቋል፤ ማን እንደሆነ አልነገራችሁም።»

ሰንጢዎቹ ሳቃቸውን ፈልገው አጡት። ቦራ ወደ ዛገው ዘንበል ብሎ ቡላ ነህ እንዴ አለው። የዛገው ዝም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ያለ፣ አሁንም ዝም አለ።

በዚህ መሃል ዘርጋው ተመለሰ። ባለ ቀዩን አገላብጦ አስቀመጠው። የዛገውን በጨርቁ ላይ ዳሰስ አድርጎ ተወው። ባለ ነሐሱን ግን ጎድጓዳው ላይ ለካው፤ ሰንጢው ከጎድጓዳው በአንድ ጣት ይሰፋል። አንተን ይዤሃለሁ አለው። መሮውን አንስቶ የጎድጓዳውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ፋቀ። ዋንዛው ደርቆ ነበርና እምቢ አለው። መዶሻ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ጎድጓዳው ጮኸ፣ ስድስቱ ጮኹ፣ ማንም አልሰማቸውም። አይጥ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ጥርሷ አርጅቷል፤ ቢሆንም ጨርቁ የታሰረበትን ሲባጎ በላችው፣ ጎማው የታሰረበትን ክር በላችው። ጨርቁን በአፏ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተች። አንድ ጊዜ ጎተተች፣ አልሆነም። ሁለተኛ ጎተተች፣ አልሆነም። በሦስተኛው የዛገው ሰንጢ ከጨርቁ ተንከባሎ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀ። ወድቆም ጎድጓዳው ውስጥ ገባ። ጫፉ ከጫፍ፣ ጉብጠቱ ከጉብጠት ጋር ገጠመ።

ዘርጋው መዶሻውን ይዞ መጣ፣ አየና ቆመ። ማን አስገባው አለ። ጎማው ተላቆ ከሥሩ አመድማ ቀንድ፣ የተሰነጠቀ አመድማ ቀንድ ብቅ ብሏል። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ሰንጢውን አነሳው። ሐሳቡ ገና ሳይደርስ አውራ ጣቱ ቀድሞ ሄደ፤ ጭራው ላይ ጫን አለ፣ ትንሽ ወደ ጎን አለ። ዝገቱ ተንቋቋ፣ ሰሙ ተሰነጠቀ፣ ቀጭ።

ውጪው የዛገ፣ ውስጡ ግን ሰሙ የጠበቀው ነበር። ምላጩ እንደ ሠርጉ ሰሞን አበራ። በምላጩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ተኝታለች። ዘርጋው ክሯን በጣቱ ያዘ፤ የብርዛፍ ነጠላ ጥለት ናት። የጧፉን ሰም አሸተተ። ሰንጢ በጧፍ ሰም የሚያሽግ ሰው ስለት ሊያስገባ እንደሆነ ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። አርባውን ቀን ቆጠረ፤ የሚስቱን ዝምታ አስታወሰ፤ ሳይነካ የሚነሳውን ሰሐን አስታወሰ።

«ብርዜ» አለ፤ «ለካ እኔን ነው የገዛሽበት።»

ሁለቱን ሰንጢዎች ለሙዘይን መለሰለት። ሙዘይንንም የዛገውን ከማን እንደገዛው ጠየቀው። በንግሥ ቀን ደብሩ ስለት የገባለትን ዕቃ ሲሸጥ በጨረታ ካነሳ ሰው ነው አለው። ዘርጋው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤቱ አልሄደም። በአሥራ ሁለት ዓመት ያልሄደበትን መንገድ ሄደ።

ይርዳው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመትር ነበር፣ በደነዘ ማጭድ። ዘርጋው በአጥሩ ላይ «ቤቶች» አለ። ይርዳው ቀና ብሎ አየው፤ ግባም አላለው፣ ሂድም አላለው። ዘርጋው ተራምዶ ቡላን አጥፎ መዳፉ ላይ አኖረለት። ይርዳው አገላብጦ አየው።

«የሰረቅኩት ሰንጢ ይሄ ነው?» አለ። «ገና ዛሬ አየሁት።»

«የሰረቅኩትስ እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው። «አንተን ከእህትህ ማዕድ ላይ ሰረቅኩ። ሁሉን እነግርሃለሁ፣ ካስቀመጥከኝ።»

ይርዳው ማጭዱን አስቀመጠ። ከዚያ በተቀመጠበት መደብ ላይ ትንሽ ጠጋ አለ፤ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀ። ዘርጋው ተቀምጦ ስለቱን ነገረው። ይርዳው ክሯን ተቀብሎ በጣቱ ላይ ጠመጠማት። ከዚያ ሸንኮራውን አነሳ፣ ቡላን በጀርባው ይዞ ጎተተው፤ አልተዘረጋም።

«እንደሱ አይደለም» አለ ዘርጋው። የይርዳውን አውራ ጣት ይዞ ጭራው ላይ ጫን አደረገለት፣ ትንሽ ወደ ጎን ገፋለት። ቀጭ አለ። ሸንኮራው ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው። የቡላን አመል የሚያውቁ በዓለም ላይ እንደገና ሁለት ሰዎች ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ቡላ እሑድ እሑድ ሳጥኑ ውስጥ ይውላል፤ ይርዳው እየመጣ የወንዙንም የበቅሎዋንም ታሪክ እንደ አዲስ ይሰማል። ሰኞ ቡላ በአንዱ ኪስ ይወጣል። ጎድጓዳው ባዶ ይሆናል፤ ግን አያዝንም፣ አንዱ ጠርዙ ላይ የተፋቀችውን ቦታ እያሳየ አሥሬ ያወራል። ስድስቱ ሰንጢዎች ደግሞ እንግዳ ሲመጣ መሳቅ ከመጀመራቸው በፊት አይጥን ያያሉ።

ተረቴን አጠፍኩት፣ እጀታው ውስጥ አስተኛሁት። እናንተም ስለት ነኝ የሚል ስትሰሙ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትሳቁ፤ የሚቆርጥ ስለት አለ፣ የሚቀጥልም ስለት አለ።