የትርንጎ ግራ እጅጌ

ተረቴን ልጀምር ነው፤ ቅርብ ያለ ይስማ፣ ሩቅ ያለ ጠጋ ይበል፣ የቸኮለ ግን ከወዲሁ ይሂድ። በዚህ ተረት ውስጥ የቸኮለ ሰው ብዙ ይጉላላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ እጅጌ። የሠርግ ቀሚሷ ቀኝ እጅጌ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር ተጠልፎ አልቋል፣ ግራው ባዶ ነው። ዛሬ ሐሙስ፣ ሠርጉ እሑድ! የጥልፉን ንድፍ የሳሉት እናቷ እማማ እታገኘሁ ናቸው። ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት በገዛ እጃቸው ሳሉት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልሳሉም፣ አይስሉምም። ወረቀቱን የጥልፍ ቤቱ ሰዎች «ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ብለው ጣሉት።

ትርንጎ ጥልፍ ቤቱ ገባችና የጥልፍ መኪናውን «እባክህ እጅጌዬን ጥለፍልኝ» አለችው። መኪናው መርፌውን ሰቅሎ «አልጠልፍም» አለ። «ንድፍ የለኝማ! ኮምፒውተሩ ይስጠኝ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ኮምፒውተር፣ ለመኪናው ንድፉን ስጠው፣ መኪናው እጅጌዬን ይጥለፍልኝ።» ኮምፒውተሩ «አልሰጥም» አለ። «ያለኝን ሁሉ ቫይረስ በልቶብኛል። ዲስኩ መጥቶ ይስጠኝ።» ቫይረሱ የመጣው ፊልም በሞላበት ፍላሽ ነው። ፍላሹን የሰካው ሰው አለቃ ስለሆነ ስሙን አልጠራም።

«አይዞሽ እህቴ» አለች ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ሉባባ። «ዓርብ ዓርብ ሁሉንም ነገር ዲስክ ላይ እገለብጥ ነበር። የእናትሽ ንድፍ እዚያ አለ።»

«ታዲያ ዲስኩ የታለ?»

«ካዝና ውስጥ። ባለፈው ወር ‹ይሄ ንብረት ነው› ተባለና ቁጥር ተለጥፎበት ተቆለፈበት። እኔም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።»

ትርንጎ ካዝናውን በጡጫ መታችው። «ካዝና፣ ዲስኩን ልቀቀው፣ ዲስኩ ለኮምፒውተሩ ይስጥ፣ ኮምፒውተሩ ለመኪናው ይስጥ፣ መኪናው እጅጌዬን ይጥለፍልኝ!» ዲስኩ ከውስጥ «እኔስ መች እንቢ አልኩ፣ ታፍኜ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ካዝናው ግን «አልለቅም» አለ። «ቁልፌ ጋሽ ይማም ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸው ይክፈቱኝ።»

ጋሽ ይማም የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ትርንጎ ሄዳ ለመነቻቸው። «ጋሽ ይማም፣ ካዝናውን ይክፈቱት፣ ካዝናው ዲስኩን ይልቀቅ፣ ዲስኩ ለኮምፒውተሩ ይስጥ፣ ኮምፒውተሩ ለመኪናው ይስጥ፣ መኪናው እጅጌዬን ይጥለፍልኝ!»

«አልከፍትም ልጄ» አሉ ጋሽ ይማም። «ሃያ ስድስት ዓመት ንብረት ስይዝ አንዲት መርፌ ጎድላብኝ አታውቅም። ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ንብረት አይወጣም።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«የንብረት ማውጫ ቅጽ ነዋ! ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት።»

«ለዛሬ ብቻ ይለፉኝ፣ በሞቴ!»

«ያለፍኩሽ ዕለት እስር ቤት ስንቅ የምታመላልሽልኝ አንቺ ነሽ?»

ማኅተሙ ያለው ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈንታው ዘንድ ነው። ትርንጎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። «አቶ ፈንታው፣ ቅጹን ይፈርሙ፣ ቅጹን አይተው ጋሽ ይማም ካዝናውን ይክፈቱ፣ ካዝናው ዲስኩን ይልቀቅ፣ ዲስኩ ለኮምፒውተሩ ይስጥ፣ ኮምፒውተሩ ለመኪናው ይስጥ፣ መኪናው እጅጌዬን ይጥለፍልኝ!» ትንፋሽ አጠራት።

«ምን ችግር አለ፣ እፈርማለሁ» አሉ አቶ ፈንታው። «ቅጹን ከኮምፒውተሩ አሳትመሽ አምጪ።»

«በእጅ ቢጻፍስ?»

«በእጅ? እኛ እኮ ዘምነናል!»

ኮምፒውተሩ ቅጹን ሲጠየቅ ምን አለ መሰላችሁ? «ቅጹም ተበልቷል። እሱም ዲስኩ ላይ ነው።»

እንግዲህ ያዙልኝ። ቅጹ ዲስኩ ላይ ነው፣ ዲስኩ ካዝናው ውስጥ ነው፣ የካዝናው ቁልፍ ጋሽ ይማም ኪስ ውስጥ ነው፣ ጋሽ ይማም የተፈረመ ቅጽ ይላሉ፣ አቶ ፈንታው የታተመ ቅጽ ይላሉ፣ ቅጹ ዲስኩ ላይ ነው፣ ዲስኩ ካዝናው ውስጥ ነው፣ የካዝናው ቁልፍ ጋሽ ይማም ኪስ... እኔ እስከ ፋሲካ ልቀጥል እችላለሁ። ትርንጎን ግን ደከማት። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያስለቀሳት ቀሚሱ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ጠዋት እናቷ ግራ እጅጌዋን ሲዳስሱ ባዶ ጨርቅ እንዳያገኙ ፈርታ ነው።

አልቅሳ ሲወጣላት ቀሚሱን ሱሪዋ ላይ አጠለቀችው። ቀኙ ያበራል፣ ግራው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ደረጃውን ወጣችና አቶ ፈንታው ፊት ቆመች።

«እሑድ እንዲሁ ሆኜ አገባለሁ፣ ግድ የለም» አለች። «ለእናቴ ግን እኔ አልነግራትም። አሁኑኑ እዚህ አመጣታለሁ። ንድፏ የት እንደገባ እርስዎ ይንገሯት።»

አቶ ፈንታው ብድግ አሉ። «እታገኘሁን? እዚህ?» እማማ እታገኘሁን ኮምቦልቻ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ ሲቆጡ ሦስት ሰፈር ይሰማል። «ተይ እንጂ ልጄ! እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው!»

«ሽማግሌም ይዛ ትመጣለች።»

አቶ ፈንታው የግድግዳውን ካላንደር ቦጭቀው በጀርባው ላይ በእጃቸው «ሞዴል 22» ብለው ጻፉ። አዎ፣ በእጃቸው! ፈረሙ። ማኅተሙን ሦስት ጊዜ መቱበት፤ ሁለቱ ለድንጋጤ ነው።

ጋሽ ይማም መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡ። በጀርባው የኅዳር ወር አለ። «እንግዲህ ማኅተም ካለው፣ ማኅተም አለው» አሉና ተነሡ።

ማኅተሙ ወረቀቱን መታ፣ ወረቀቱ ጋሽ ይማምን አስነሣ፣ ጋሽ ይማም ካዝናውን ከፈቱ፣ ካዝናው ዲስኩን ለቀቀ፣ ዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ...

«ቁም!» አለች ሉባባ። ኮምፒውተሩ «ስጡኝ! ስጡኝ!» ይላል። «ከቫይረሱ ሳትጸዳ ዲስኩን አትነካውም! እሱንም ልታስበላብን ነው?» አለችና እስከ ዓርብ ቀትር አራግፋ አጸዳችው። ከዚያ ወዲያ ዲስኩ ለኮምፒውተሩ ሰጠ፣ ኮምፒውተሩ ለመኪናው ሰጠ፣ መኪናው መርፌውን አወረደና ጠለፈ፣ ጠለፈ፣ ጠለፈ!

እሑድ ጠዋት እማማ እታገኘሁ ሙሽራዋን አጠገባቸው አስቀመጡ። ቀኝ እጅጌዋን ከትከሻ እስከ አንጓ በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ግራውን። ክርኗ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እማ፣ ምነው?»

«የግራውን ስስል እዚህ ጋ አንዷን ቅጠል ተሳስቼ ዘቅዝቄ ነበር የሳልኳት» አሉ እናቷ። ድጋሚ ዳሰሷት። «ስሕተቴ እንኳ አልጠፋም። የእኔው ነው፣ ልጄ።»

ተረቴን ይኸው፣ አንዱን ቅጂ ሰጠኋችሁ፤ ካዝና ውስጥ እንዳትቆልፉብኝ።